በዕቁብ ብር የገዛሁት ትልቁ ስልክ

ኅዳር 2015 ላይ ዕቁብ ወጣልኝ። ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የመምህር ደሞዝ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ የክርስትና፣ የምርቃትና የሰርግ ፎቶ አነሳለሁ፤ በስልክ። የድሮው ስልኬ ጨለም ሲል ሰውን ከጥላው አይለይም ነበር። ዕቁቡ ሲወጣልኝ «ብሩን ምን ላድርገው?» ብዬ አላሰብኩም። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ21 አልትራ ልገዛ ከወሰንኩ ከርሟል።

ፍላግሺፕ የሚባለውን ስልክ፣ ኩባንያው ያለውን ሁሉ የሚያፈስበትን ውዱን ማለቴ ነው፣ ብዙዎቻችሁ እያያችሁ እንደምትጎመጁ አውቃለሁ። አትግዙ ልላችሁ አይደለም። ይህንንም የምጽፈው በእሱው ነው። ነገር ግን ለአንድ ስልክ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ፤ ሁለተኛውን ክፍያ እናንተ እንድትከፍሉት አልፈልግም።

ስልኩ ለገበያ የወጣው ጥር 2013 ነው፤ ዋጋውም 1,200 ዶላር ገደማ ነበር። አዲሱን መግዛት አልቻልኩም፤ ያገለገለ ፈለግሁ። ቪዲዮ ሳይ ስለማመሽ ወረቀት ላይ ያለውን በቃሌ ይዤው ነበር። 108 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ 10 እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ፣ 6.8 ኢንች ስክሪን፣ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ። ተማሪዎቼ ሸምድደው ሲመጡ የምቆጣው እኔ ነኝ፤ ስልክ ስገዛ ግን እኔም ሸምድጄ ነው የሄድኩት።

አዲስ አበባ ከሚገኙ ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። ሻጩ ከመንገዱ ማዶ ያለ ታፔላ በዙም አቅርቦ አሳየኝ። «እህቴ፣ ከውጭ የመጣ ንጹሕ ስልክ ነው» አለኝ። እየመሸ ነበር፤ አውቶቡሴ ደግሞ ሌሊት ነው የሚነሳው። የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስንት ጊጋ ነው?» 128 ነው አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ጫማ ስገዛ ከዚያ በላይ እቆያለሁ።

በማግስቱ ጎሃ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃ ልንወርድ ስንል ስልኬን በመስኮት አውጥቼ ታች ያለውን ድልድይ አነሳሁት። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ምስሉን አይተው «ይሄማ መነጽር ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ስልክ አንድ ነገር ብቻ መስክሪ ብትሉኝ የማቀርበው ሌንሱን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላሳፈረኝ እሱ ነው።

ያ 108 የተባለው ቁጥር ግን እንዳሰብኩት አልነበረም። ስልኩ በተለምዶ ፎቶ ሲያነሳ ዘጠኝ ዘጠኙን ፒክስል አንድ እያደረገ ያዋህዳል፤ ፎቶው 12 ሜጋፒክስል ሆኖ ይወጣል። ይህ የተንኮል ሥራ አይደለም፤ በደብዛዛ ብርሃን ምስሉ ጥርት የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሙሉውን 108 ለማግኘት ከምርጫው ገብቶ መቀየር ያስፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ አንዷ ፎቶ ብዙ ቦታ ትበላለች። ቁጥሩን አይቶ የሚገዛ ሰው እንደኔ ነው። ጨረቃዋንም እንዲሁ አንስቼ ለሰው ሁሉ ሳሳይ ከርሜ፣ ስልኩ ጨረቃ መሆኗን ሲያውቅ ራሱ እንደሚያሳምራት የሰማሁት በኋላ ነው። ይሁን፤ ቆንጆ ነበረች።

ቤት ደርሼ ሁለቱን ሲም ካርዶቼን ላስገባ የሲም ማውጫውን ሳብኩት። ቦታው አንድ ብቻ ነው። ገልብጬ አየሁት፤ ከጀርባውም የለም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ስከፍት የሞዴሉ ቁጥር «ኤስኤም-ጂ998ዩ» ይላል። ያቺ የመጨረሻዋ «ዩ» ስልኩ ለአሜሪካ የስልክ ድርጅቶች የተሠራ መሆኑን ነው የምትናገረው። «ዩ1» ከሆነ ከድርጅት ነጻ ሆኖ አሜሪካ የተሸጠ ነው። «ቢ» ለዓለም አቀፉ ገበያ ነው። «ኤን» የኮሪያ ነው። ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፤ ፕሮሰሰራቸው፣ የስልኩ አንጎል ማለት ነው፣ እንኳ ይለያያል። የአሜሪካው ስናፕድራጎን 888 ነው፤ የዓለም አቀፉ ደግሞ ኤክሲኖስ 2100።

ፊደሏን የሚንቅ ካለ የባልደረባዬን ልንገረው። የእሱ የኮሪያ ነበር። የኮሪያ ስልኮች ፎቶ ሲያነሱ ድምፃቸው እንዳይጠፋ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ይህን ሳያውቅ አንድ የክርስትና ሥነ ሥርዓት ላይ «ቀጭ፣ ቀጭ» ሲያደርግ ቄሱ ቀና ብለው አዩት። ላብ አሰመጠው። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሴቲንግ ገብታችሁ ያቺን ፊደል እዩ። የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉ። ለአንድ የውጭ ድርጅት የተቆለፈ ከሆነ እዚያው ኮድ ይጠይቃችኋል። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል (*#06#) ብላችሁ የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥርም ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ሻጩ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ እፊታችሁ ደምስሶ እንደ አዲስ ያስነሳው፤ የሌላ ሰው የጉግል አካውንት ከጠየቀ ትታችሁት ውጡ።

ሌላም ያላየሁት ነገር ነበር። አንድ ማታ ግራጫ ገጽ ከፍቼ ሳነብ ከታች የኪቦርድ ቅርጽ በስሱ ተስሎ አየሁ። ኪቦርዱ ግን አልተከፈተም። አሞሌድ የሚባለው የዚህ ስልክ ዓይነት ስክሪን አንድ ምስል ለረጅም ጊዜ ሲቆይበት ጥላው ተስሎበት ይቀራል። የሱቅ ማሳያ ሆነው የቆዩ ስልኮች ላይ ይህ ይበዛል። ሳምሰንግ ላይ ኮከብ መሰላል 0 ኮከብ መሰላል ስትሉ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ ስክሪኑን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያደረጋችሁ ጥላ መኖር አለመኖሩን ማየት ትችላላችሁ። አንዳንድ የአሜሪካ ሞዴሎች ላይ አይከፈትም። ለዚያ እኔ ዘዴ አለኝ፦ አንድ ሙሉ ግራጫ ምስል ቴሌግራሜ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ሱቅ ስገባ እሱን ከፍቼ አያለሁ።

ጥር መጣ። ጥርን የማያውቅ ፎቶ አንሺ የለም። በጥምቀት ቀን ጸበል ሲረጭ ስልኬ ታጠበ። አልደነገጥኩም፤ አይፒ68 ነዋ! በንጹሕ ውሃ አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል የተባለለት ነው። በነጠላዬ ጠርጌ ቀጠልኩ። ይህቺን ጀግንነቴን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰርግ ይዤ ነበር። ቪዲዮውን 8ኬ በሚባለው በስልኩ ከፍተኛ ጥራት ልቅረጸው ብዬ ተነሳሁ። ለምን ትሉኛላችሁ? ስላለው ነዋ። 8ኬ በደቂቃ 600 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። 4ኬ 350 አካባቢ ነው፤ ፉል ኤችዲ የሚባለው ደግሞ ከ130 ብዙም አያልፍ። 128 ጊጋው ውስጥ ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ወስዷል። ሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ ከኤስ21 ጀምሮ ከዚህ ተርታ ላይ ቀርቷል። ሙሽሪት እናቷን ተሰናብታ ልትወጣ፣ የእናቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል፣ ስልኩ «ቦታ የለም» አለ። የሰርጉ ዋና ሰዓት እኮ እሱ ነው። እዚያው ቆሜ የራሴን ፎቶዎች ሳጠፋ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገቡ። ያንን ቤተሰብ ግማሽ ዋጋ ነው ያስከፈልኩት፤ እስካሁን መንገድ ላይ ሳገኛቸው አንገቴን እደፋለሁ።

8ኬን የሚያሳይ ቴሌቪዥን በከተማችን ስንት ሰው ቤት አለ? ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የሚታየው በስልክ ነው። አሁን ሰርግ በፉል ኤችዲ እቀርጻለሁ፤ ለዋና ዋናው ብቻ 4ኬ። ስልኩም ያን ያህል አይሞቅም። ለሥራ የምትፈልጉት ከሆነ ደግሞ ከ256 በታች አትግዙ። ካርድ የማይገባበት ስልክ በኋላ አይሰፋም።

ጥር 23 እንጅባራ ሄድኩ። አንዲት ሌላ ባልደረባዬ የአገው ልጅ ናት፤ «የፈረሱን በዓል ሳታይ ፎቶ አንሺ ነኝ አትበይ» ብላ ወሰደችኝ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዚያ ቀን ሜዳው በፈረስ ይሞላል። ጉግሱ ሲጀመር ከሰው ጀርባ ቆሜ በ10 እጥፉ ሌንስ የፈረሱን የአፍንጫ እስትንፋስ አነሳሁ። የዘንግ ንቅናቄ፣ የፈረሰኛው ግንባር ላይ ያለ አቧራ፣ ሁሉም ገባልኝ። አንድ ምክር፦ ፀሐይ ካለ የሚሮጥ ነገር ጥሩ ይነሳል፤ ቤት ውስጥ ግን የሚሮጥ ሕፃን ጥላ ይሆንባችኋል። ያኔ በዋናው ሌንስ ፕሮ ሞድ ውስጥ ገብታችሁ የሸተሩን ፍጥነት፣ ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ማለቴ ነው፣ 1/500 ሰከንድ አካባቢ አድርጉት። ትንሽ ይጨልማል እንጂ ፊቱ አይደበዝዝም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ፈረስ ደንብሮ ወደ እኛ ሲመጣ ሕዝቡ ወደ ኋላ ገፋ። ስልኩ ከእጄ ወጣ። ሽፋን አልነበረውም። ለምን? ጀርባው እንዲታይልኝ ነዋ! መስታወቱ ጎሪላ ግላስ ቪክተስ ነው፤ የእንጅባራ ድንጋይ ግን ስሙን አልጠየቀውም። ጠርዙ ወደ ጎን የሚታጠፍ ስክሪን በማዕዘኑ ሲወድቅ መስታወቱ ነው ቀድሞ የሚነካው። ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ግማሹ ጠቆረ።

ከዚህ በኋላ የሠራሁት ነው ትልቁ ስህተቴ። ደብረ ማርቆስ አንድ ጥገና ቤት ገባሁ። የኦርጅናሉን ስክሪን ዋጋ ስሰማ፣ ስልኩን ከገዛሁበት ሲሶውን አለፈ። ሠሪው «ኮፒ አለ፤ ልዩነቱም አይታወቅም» አለኝ። ርካሹን አስገባሁ። በሁለተኛው ቀን ልዩነቱ ታወቀኝ። የጣት አሻራ መክፈቻው ሞተ፤ ይህ ስልክ አሻራ የሚያነበው በስክሪኑ ውስጥ በሚያልፍ የድምፅ ሞገድ ነው፤ ያ ኮፒ ደግሞ አላሳልፍ አለው። ቀን በፀሐይ ምንም አይታይም። ስጽፍ «ለ» ስነካ «ሐ» ይመጣል።

ስድስት ሳምንት ታግሼ ወደ ሌላ ጥገና ቤት ሄድኩ። ሠሪው የቀድሞ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ፤ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ ልጅ ነበር። ስልኩን አገላብጦ አየና ሳቀ። «ቲቸር፣ ይሄማ ስክሪን አይደለም፣ መስኮት ነው።» ኦርጅናሉን ከነፍሬሙ ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ። የኮፒው ብር እንዲሁ ቀረ። ሲያስረክበኝ «ቲቸር፣ ከእንግዲህ ውሃ እንዳያስነኩት፤ ከተከፈተ በኋላ ማሸጊያው እንደ ፋብሪካው አይሆንም» አለኝ። ሰማሁት። ክፍል ውስጥ እሱ እኔን እንደሚሰማኝ ነው የሰማሁት።

ስለዚህ ፍላግሺፕ ስትገዙ በጀታችሁን እስከ ጥጉ አትጨርሱት። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥገና ቤት ገብታችሁ «የዚህ ስልክ ኦርጅናል ስክሪን ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካስደነገጣችሁ ስልኩ ከአቅማችሁ በላይ ነው ማለት ነው።

ክረምት ገባ። የማርቆስ ሐምሌ ዝናብ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ያዘኝ፤ ስልኩ በሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር። አይፒ68 ነው ብዬ ግድ አልሰጠኝም። ቤት ስደርስ የሰው ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ ሆነ፤ ቻርጀር ስሰካ «እርጥበት አለ» እያለ ይከለክለኛል። ጎረቤቴ እትዬ መጡና «ጤፍ ውስጥ ቅበሪው፣ ውሃውን ይመጥልሻል» አሉኝ። ቀበርኩት። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እኮ! ጠዋት ሳወጣው ቻርጀር መሰኪያው በጤፍ ተሞልቷል። ከስፒከሩ ቀዳዳ ጤፍ፣ ከሲም ማውጫው ጠርዝ ጤፍ። ተማሪዬ በመርፌ አንድ በአንድ ሲያወጣ ሱቁ ውስጥ ያለ ሁሉ ሳቀ። «ነጭ ነው ሰርገኛ?» ያለም ነበር። ስልክ ከረጠበባችሁ አጥፉት፣ መሰኪያውን ወደ ታች አድርጋችሁ ውሃውን አራግፉ፣ ንፋስ ባለበት አኑሩት፣ እስኪደርቅ ቻርጅ አታድርጉ። እህል የለበትም።

ነሐሴ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራት አልተመለሰም። ፎቶዎቼ ሁሉ ጉግል ላይ እንዲጫኑ ነበር ያደረግሁት፤ ነጻው 15 ጊጋ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሲቋረጥ መጫኑም ቆመ። ስልኩ ደግሞ ካርድ አይቀበል። አንድ አሮጌ ርካሽ ስልክ ያላት የሥራ ባልደረባዬ ካርዷን እያወጣች እያስገባች ኑሮዋን ስትቀጥል እኔ ባለ ትልቁ ስልክ ተቀመጥኩ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ታይፕ ሲ መሰኪያ ያለው ፍላሽ ገዛሁ። ስልኩ ላይ በቀጥታ ይሰካል። ስትገዙ ፎርማቱን ኤክስፋት አድርጉት፤ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይወስድላችሁም፤ ረጅም የሰርግ ቪዲዮ ደግሞ ያልፋል። አሁን ሰርግ ባነሳሁ ማታ ወደ ፍላሽ፣ ቅዳሜ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም።

ባትሪው ላይ ብዙ አልቆይም። ማርቆስ ውስጥ ቀኑን ያውላል። ብቸና አካባቢ እናቴ ዘንድ ስሄድ ግን እኩለ ቀን ላይ ያልቅ ነበር፤ ኔትወርክ ሲፈልግ ነው የሚያልቀው። የእናቴ ባለ ቁልፍ ስልክ ሳምንት ይቆያል፤ «ያንቺው ገና ቀትር ሳይሆን ይተኛል» ትለኛለች። ኔትወርክ የሌለበት ስትደርሱ ፍላይት ሞድ አድርጉት። ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደስበትን ከ120 ኸርዝ ወደ 60 አውርዱት። መብራት የሚቆራረጥበት ብትሆኑም ስልኩን ሁሌ መቶ ላይ አታክርሙት፤ ሴቲንግ ውስጥ 85 ላይ የሚያቆም ምርጫ አለ። ቻርጀር ከካርቶኑ ጋር አይመጣም፤ ፍጥነቱም 25 ዋት ነው። መንገድ ላይ የሚሸጠው «ፋስት» የሚል ጽሑፍ ፈጣን አያደርገውም።

አሁን ስልኩ እያረጀ ነው። ሲወጣ አንድሮይድ 11 ነበረው፤ አራት ትውልድ ማሻሻያ ነው የተገባለት፤ አንድሮይድ 15 ላይ አበቃ። ይህ ዕድሜ የሚቆጠረው እኔ ከገዛሁበት ቀን አይደለም፤ ከወጣበት ነው። ሁለት ዓመት ተበልቶ ነው የደረሰኝ። በ2016 የወጡት ጋላክሲ ኤስ24 እና ፒክስል 8 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ተገብቶላቸዋል፤ ያገለገለ ለሚገዛ ይህ ከሜጋፒክስል ይበልጣል።

ፎቶና ቪዲዮ እንጀራችሁ ከሆነ ይህን ዓይነት ስልክ ግዙ እላለሁ። የእኔው ብሩን መልሷል፤ የኮፒውን ጨምሮ። ለቴሌግራም፣ ለቴሌብርና ለልጅ ፎቶ ብቻ ከሆነ ግን እንደ ጋላክሲ ኤ54 ያለው መካከለኛ ይበቃል። ካርድ ይቀበላል፤ ቢወድቅም ቤት አያፈርስም።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ደስ ብሎታል። «እትዬ፣ እንዳንቺው አልትራ ገዛሁ!» አለኝ።

«የመጨረሻዋ ፊደል ምንድን ናት?» አልኩት።

ዝም አለ። «የምን ፊደል?»

«ሴቲንግ ግባና እያት።»

ትንሽ ቆየ። ከጀርባ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል።

«ቆይ» አለኝ፣ «ገና ከሱቁ በር አልራቅሁም።»